የጋሽ ካሣ ግራ እጅ

በየሰፈሩ አንድ አራሚ አለ። የእኛ ሰፈር የለውም ካላችሁ ምናልባት አራሚው እናንተ ናችሁ። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያሉት ጎረቤቴ ሊቀ አራሚያን ጋሽ ካሣ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ቴሌግራፈኛ ናቸው። ሻይ ቤት ሲገቡ አስተናጋጁን የብርጭቆ አያያዝ ያስተምራሉ። ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ድንኳኑ ትንሽ ወደ ግራ ካልተሳበ አይቀመጡም። የእኔን የይሳቅን የጋዜጣ ጽሑፍማ በቀይ እስክሪብቶ አርመው በበር ስር ያሾልኩልኛል። መዝጊያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ለክፋት አይደለም፣ እንድታውቀው ነው።"

ጋሽ ካሣ ፈቃድ ያላቸው የአማተር ሬዲዮ ሰው ናቸው። ድምፅ ግን አይልኩም፤ የእሳቸው ነገር ሞርስ ነው፣ ነጥብና ሰረዝ። ምልክቱን የሚልኩበትን መምቻ የሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ አንድ የሴጌቶ፣ የብረት መጋዝ ማለት ነው፣ ምላጭ፣ ግራና ቀኙ ሁለት ብሎን። ሌላው ሰው መምቻውን ወደ ታች ይጫናል፣ እሳቸው ምላጩን በሁለት ጣት አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ይገፋሉ። ብሎኑን ነክቶ ቶሎ ከተመለሰ ነጥብ ነው፣ ከቆየ ሰረዝ።

"በዚህ መምቻ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት አይመታም" ይላሉ። "እንደ አረማመድ ነው። ዱዓሌ ስሜን ሳልጠራ ያውቀኛል።"

ዱዓሌ ጂቡቲ ያሉ የድሮ ባልደረባቸው ናቸው። አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ጫፍ ሆነው ስንት ባቡር አስተላልፈዋል። አሁንም በየቀኑ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ በሞርስ ይገናኛሉ። ስልክ ቁጥር እንኳ አልተለዋወጡም። "ስልክ ማንም ያነሳዋል" ይላሉ ጋሽ ካሣ።

ባለፈው ክረምት ከቀፊራ ገበያ በባጃጅ ሲመለሱ ሾፌሩ ኸባብ መታጠፊያውን ሰፋ አድርጎ ያዘው። ሊቀ አራሚያን ዝም ሊሉ ነው? ቀኝ እጃቸውን ወደ ውጭ ዘርግተው "በዚህ ነው የሚታጠፈው" ሲሉ ጋሪ መጥቶ እጃቸውን ገጨው።

"አቦ፣ እጅዎን ያስገቡ ብያቸው ነበር እኮ፣ ወላሂ" አለኝ ኸባብ፣ ሆስፒታል በር ላይ። እሳቸው ጀሶ እየተደረገላቸው ስለ መታጠፊያው ያስረዱ ነበር።

ሦስት ሳምንት ተኝተው ተነሡ። ጀሶው ገና ስላልተፈታ በግራ እጃቸው ሊመቱ ቆረጡ። እኔ መምቻው የተሰካበት ሰሌዳ እንዳይንሸራተት ያዝኩላቸው። መልሱን ፊደል በፊደል እየሰሙ ጮክ ብለው ያነቡልኛል።

"ማን ነህ?" አሉ ዱዓሌ።

"ካሣ።"

"አይደለህም።"

"እጄ ተሰብሮ ነው፤ በግራ ነው የምመታው።"

"እንዲህማ ማንም ይላል።"

በማግስቱም ያው ነው። በሦስተኛው ቀን የመጣው ባሰ። "የካሣን እጅ ሃምሳ ዓመት ሰምቻለሁ። ሦስት ሳምንት ጠፋ። ሞቶ ከሆነ ንገሩኝ፣ በስሙ ግን አትጫወቱ።" ከዚያ ዱዓሌ ጣቢያውን ዘጉት። ጋሽ ካሣ ማዳመጫውን አውልቀው ሬዲዮውን በጨርቅ ሸፈኑት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማረም ተዉ። እኔም ልፈትናቸው ብዬ "መልካ ጀብዱ ከድሬ በስተ ምሥራቅ ናት አይደል?" አልኳቸው። ምዕራብ መሆኗን ሕፃን ያውቃል። "ይሆናል" አሉኝ። ደነገጥኩ። ባለቤታቸው እትዬ የሺመቤት ወደ ጓዳ ጠሩኝና "ትላንት ሆን ብዬ ጨው የሌለው ወጥ አቀረብኩላቸው፤ ምንም ሳይሉ በሉት" አሉኝ።

በነጋታው አምስት ሰዓት ላይ እንደምንም አባብለን ሬዲዮው ፊት አስቀመጥናቸው። ዱዓሌ ለሰሚ ሁሉ እየላኩ ነበር፤ "የድሬዳዋውን ካሣ የምታውቁ፣ የተቀበረበትን ቀን ንገሩኝ።" ጋሽ ካሣ እያነበቡልኝ ግንባራቸው ተቋጠረ። ዱዓሌ ከሐዘናቸው ይሁን ከችኮላቸው ፊደሉን ሁሉ እያጣበቁት ነው። ግራ እጅ ወደ ምላጩ ሄደ።

"በፊደልና በፊደል መሀል ክፍተት ስጥ" ብለው መቱ። "ስንት ዓመት ነው የምነግርህ? ለክፋት አይደለም፣ እንድታውቀው ነው።"

ከዚያ መልሱ መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ በፊደልና በፊደል መሀል በቂ ክፍተት እየተሰጠው።

"ካሣ። አልሐምዱሊላህ። አንተው ነህ።"

ጋሽ ካሣ ይህንን ጮክ ብለው ማንበብ አቃታቸው፤ በወረቀት ጽፈው አሳዩኝ። እንባቸው ጀሶው ላይ ይወርዳል። የእኔም ዓይን ደህና አልነበረም። ሁለቱን ሽማግሌዎች ለብቻቸው ልተዋቸው ብዬ ሰሌዳውን ለእትዬ የሺመቤት ሰጥቼ ወጣሁ፣ በሩንም ከኋላዬ ሳብኩት።

"ይሳቅ" አሉኝ ጋሽ ካሣ ከውስጥ። "በር እንዲህ አይዘጋም።"

ከፈትኩና፣ ሆን ብዬ፣ እንደገና አበላሽቼ ዘጋሁላቸው።