ከኩዌት ደሴን ማስተማር

ባሕር ማዶ ሆኖ የአገር ቤት አስተማሪ የሚያርም ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሁለት አሉኝ፤ ዘይነብና ጽጌ፣ እንደኔው ኩዌት ጃብሪያ ሰፈር ሰው ቤት የሚሠሩ።

ባለፈው ዓርብ፣ በዕረፍታችን፣ ሐዋሊ የሚባለው ሰፈር ተገናኘን። የዘይነብ ልጅ ከደሴ ደውላ የሳይንስ መምህሯ ዝግመተ ለውጥ እንዳስተማራቸው ነገረቻት። ጓደኞቼ ጦፉ! ፈተናውን የምትፈተነው ልጅቷ መሆኗን ማን ያስታውሳቸው? ወዲያው ለመምህሩ የድምፅ መልእክት ይቀዱ ጀመር።

"ፈጣሪ ዓለምን በስድስት ቀን እንደፈጠረ አስተምር!" አሉ በአንድ ድምፅ።

"በሰባተኛው ቀን አረፈ" ብላ ጽጌ ጨመረች።

"አላህ ደግሞ ምን ደክሞት ይረፍ?" አለች ዘይነብ።

ጭቅጭቁም አብሮ ተቀድቶ ሄደ። መምህሩ "እናቶቼ፣ መጀመሪያ እናንተ ተስማሙ" ብሎ መለሰ።

ሳይስማሙ ማዳሜ "የት ቀረሽ?" ብላ ደወለች። ስለ ፈጣሪ ዕረፍት ሳንወስን የእኛው አለቀ።