ሊቀ ኢንፎ ደርበው

ከንቲባ የሌለው ከተማ አይቻለሁ፤ ባለ ኢንፎ የሌለው ግን አላየሁም። የደባርቁ ክቡር ሊቀ ኢንፎ ደርበው ይባላል። ሥራው ለቱሪስት በቅሎ ማከራየት ነው፤ «ኢንፎ» የምትለውን ቃልም የተማረው ከአስጎብኚዎች ነው። «ኢንፎ ማለት መረጃ ማለት ነው» ይላል። አልቀበልም። ፈረንጆች ሲቸኩሉ «ኢንፎርሜሽን» የሚለውን ረጅም ቃል ከወገቡ ቆርጠው ጣሉት፤ በእኔ አስተያየት አብረው የተጣሉት ምንጩ፣ ቀኑና ፊርማው ናቸው።

ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። ደርበው ግን በየቀኑ በቢሮዬ መስኮት አንገቱን ያሰግጋል።

«ጋሼ ይግዛው፣ ኢንፎ አለኝ!»

«ምንጭ?»

«ታማኝ።»

«ቀን?»

«ትኩስ ነው እኮ ጋሼ! ቀን ሳይወጣለት ነው ያመጣሁልዎ።»

አንድ ጊዜ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል አረፉ ብሎ ግማሽ ሰፈር አስነቅሎ ለቅሶ ወሰደን። በሩን የከፈቱልን መሪጌታ ራሳቸው ናቸው። ደርበው ደንገጥ እንኳ አላለም፦ «እኔ ሞቱ መቼ አልኩ? ኢንፎ ነው ያልኩት!» የቃሏ ዋና አገልግሎት ይኸው ነው፤ ተናጋሪውን ከተጠያቂነት ታድናለች።

ባለቤቴ ሰብሌ ባለፈው ጥቅምት አረፈች። እስከ አርባዋ ቤቴ ሰው አላጣም። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ዝናቡ ያወሩኛል፤ ስሟን የሚያነሳ ጠፋ። ማህደሯን አውጥቼ አየሁ። ልደት፣ ጋብቻ፣ የመምህርነት ቅጥር፣ ሞት። አራት ወረቀት፣ ሁሉም ማኅተም ያለው። አንዱም እሷን አይመስልም።

ነሐሴ ላይ፣ ጉሙ ከቡይት ራስ ከፍታ ወርዶ አስፋልቱን በሸፈነበት፣ በቅሎ የሚከራይ እንግዳ በሌለበት ቀን፣ ደርበው መጣ። አንገቱን አላሰገገም።

«ጋሼ፣ ኢንፎ አለኝ። የእትዬ ሰብሌ ነው።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

«ከዳባት ስንመለስ አንድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርን። እኔ ወሬዬን ስጀምር እሳቸው እርስዎን ሆነው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው፣ ‹ምንጭ? ቀን? ፊርማህስ?› አይሉኝም! ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሾፌሩ መንዳት አቅቶት ወቅን ከተማ ላይ አቆመ።»

ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር እኔን ሆና አይቻት አላውቅም።

«መቼ ነበር?» አልኩ፤ ልማድ ነው።

«ማክሰኞ ነው። አሁን እንዳየኋቸው!»

ሰብሌ ዳባት እህቷ ዘንድ የምትሄደው ቅዳሜ ብቻ ነበር። ማክሰኞ ሙሉ ቀን ታስተምራለች። በዚያ ላይ ደርበው ነው የሚያወራው።

አላረምኩትም። «ያለ ሥራ መግባት ክልክል ነው» ብዬ በገዛ እጄ የጻፍኩበትን በር ከፈትኩና ወንበር ሳብኩለት።

«ተቀመጥ» አልኩት። «ሌላስ ኢንፎ የለህም?»