የአያ ይስማው አጽናኞች

ገበሬን መርዳት ቀላል የሚመስለው ረድቶ ለማያውቅ ሰው ብቻ ነው። እናንተ ከተማ ቁጭ ብላችሁ፣ "የተቸገረ እጁን ይዘረጋል፣ ያለው ይሰጠዋል፣ አለቀ" ትሉ ይሆናል። እኔም እንዲያ እል ነበር። በእኛ አገር ግን፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር፣ ወንድ ልጅ እጁን የሚዘረጋው እርፍ ለመጨበጥና እንግዳ ለማጉረስ ነው። ለመቀበል ሲሆን እጁ ጋቢው ውስጥ ይገባል። ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ "እንዴት ከረምህ?" ብትሉት፣ ጭሱ ከኋላው እየታየ "እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነን" ይላችኋል።

ኩራት ነው ትሉኝ ይሆናል። ኩራትማ አለበት። እኔ ግን ፍርሃትም ያለበት ይመስለኛል። አንዴ "ስጡኝ" ያለ ሰው በማግስቱ ለሽምግልና ሲቀመጥ ቃሉ ይቀልላል። ሲናገር ጎረቤቱ የሚያየው አፉን ሳይሆን ያን ቀን የተሸከመውን እህል ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ቢርበው ይመርጣል።

አጎቴ አያ ይስማው፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነው። ቡሬ አጠገብ በርበሬና በቆሎ ያመርታል፤ የተጣላ ያስታርቃል፤ ዘር ላነሰው ዘር ይሰጣል። አንድ ዓመት፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። ብዙም አልቆየም። ሲያባራ ግን በርበሬው ፍሬውም ቅጠሉም ረግፎ እንጨቱ ብቻ ቆሟል፤ በቆሎው ተሰነጣጥቆ ጭቃው ላይ ተኝቷል። አያ ይስማው ማሳው ዳር ቆሞ ሲያይ ቆየና "ተመስገን፣ ሰው አልነካም" ብሎ ወደ ቤቱ ገባ።

ከዚያ የግብርና ባለሙያው መጣና ወንዶቹን ከዋርካው ሥር ሰበሰበ። "ዘርና እህል ሊመጣ ነው፤ በረዶው ክፉኛ የጎዳው ማንን ነው?" አላቸው። ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። አያ ይስማው ተነሥቶ፣ "እኛስ በእግዜር ቸርነት ደህና ነን። የታችኞቹን እዩልን፣ እነሱ ናቸው የተጎዱት" አለ። ባለሙያው ወደ ታችኛው መንደር ወረደ። የታችኞቹ ደግሞ "ኧረ እኛ ምን ሁነን! ላይኞቹን ነው የፈጃቸው" አሉት። ምስኪኑ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ውሎ፣ በረዶው ማን ላይ እንደ ወረደ ሳያውቅ ተመለሰ። እህሉ ሲመጣ ሴቶቹ እየሄዱ ጥቂት ጥቂት አመጡ። የአያ ይስማው ሚስት፣ እትዬ ውዴ፣ ግን አልሄደችም። "እኔ በቁሜ እያለሁ?" ብሎ ከልክሏታል።

ይሄ ሁሉ ገና ምንም አይደለም። በእኛ ዘንድ መከራ የደረሰበትን ዘመድ ሳይጠይቁ መቅረት ነውር ነው። ሊጠይቅ የመጣን እንግዳ ጦሙን መስደድም እንዲሁ ነውር ነው። ሁለቱ ነውሮች አያ ይስማው ደጅ ላይ ተገናኙ።

ከሽንዲ የመጡት ዘመዶች ዶሮዎቹን ጨረሱ። ከደምበጫ እናቴ አስከትላ የሄደቻቸው በጉን በሉ። የነፍስ አባቱ ካህናቱን ይዘው ሲመጡ የተረፈው ገብስ ጠላ ሆነ። እያንዳንዱ እንግዳ "እግዜር ይተካልህ" እያለ የማይተካውን ይበላል። አያ ይስማውም "ብሉ እንጂ! ምን ጎደለ?" እያለ ያጎርሳል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። የእኛ ምሳር ደግሞ "አይዞህ" እያለ ነበር የሚመጣው።

መስቀል ካለፈ በኋላ ተራው የእኔ ሆነ። ፍኖተ ሰላም ላይ ትንሽ የሚስማርና የቆርቆሮ ሱቅ አለችኝ። ከእኔ በፊት የሚበላ ይዞ የሄደ የለም ብዬ፣ አንድ ኩንታል በቆሎ እስከ ቡሬ በሚኒባስ፣ ከዚያ በጋሪ ጭኜ ደረስሁ።

"ይህን እህል ወዴት ልታደርሰው ነው?" አለኝ አያ ይስማው።

"ለእርስዎ ነው፣ አያ።"

"ለእኔ?" ብሎ ሳቀ። "የት ላስቀምጠው ብለህ ነው? ጎተራው ሙሉ!"

ጎተራው ከኋላው አፉን ከፍቶ ይታየኛል። ድመት ወልዳበታለች። ማታ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ጠቦት ታረደልኝ። በማግስቱ ኩንታሉን "ለነዳያን ይሁን" ብሎ በአህያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሰደደው። ግቢው ውስጥ ዓይኔ ከጥማዱ አንዱን በሬ አጣው።

"ዳልቻስ የት ሄደ?" አልሁት።

"እርሻ መሀል መተኛት አመጣ። ሰነፍ በሬ አልወድም፣ ሸጥሁት" አለኝ።

ልነሣ ስል ደግሞ ባዶ እጁን አይሄድም ተባለና ለልጆቼ ማር ተሰጠኝ። ማሩን ይዛ እስከ መንገድ የሸኘችኝ እትዬ ውዴ ናት። ከቤቱ ራቅ ስንል ቆመች።

"ልጄ፣ እንዳትቀየመኝ" አለችኝ። "ዳልቻ ሰነፍ አልነበረም። ዳልቻን የበላችሁት እናንተ ናችሁ።"

"እንዴት ሆኖ?" አልኋት።

"ዶሮው አለቀ፣ በጉ አለቀ፣ ሰው ግን መምጣቱን አልተወም። በመጨረሻ በሬው ሄደ። ትናንት የበላኸው ጠቦት እንኳ ከዳልቻ ዋጋ በተረፈው የተገዛ ነው። አሁን ጉራች ብቻ ቀርቶናል። አንድ በሬ ያለው ሰው ከጎረቤት ጋር አቀናጅቶ ያርሳል። ጉራች ከሄደ ግን መሬታችንን ሌላ ሰው ያርሰዋል፣ አጎትህም ድንበሩ ላይ ቁሞ ያያል። ያን ቀን ይሞትብኛል። ብትወዱን አትምጡብን።"

"በስውር ለእርስዎ ልላክ?" አልኋት።

"ከየት አመጣሽው ሲለኝ ምን ልመልስ? ይህን እንደ ነገርሁህ ካወቀ ደግሞ ሁለተኛ ዓይኔን አያየውም።" እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ማሩን አስይዛኝ ተመለሰች።

ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይላሉ። የእኔ ሥራ ግን እየዞርሁ ዘመድን ከዘመዱ ማስቀረት ሆነ። ለሽንዲዎቹ መንገዱ ተበላሽቷል አልኋቸው። ለሌሎቹ አያ ይስማው ጠበል ሄዷል አልሁ። ለእናቴ ብቻ እውነቱን አስምዬ ነገርኋት፤ አልቅሳ አልቅሳ እሷም ቀረች። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ፋሲካም አለፈ፤ ከመካከላችን ደጁን የረገጠ የለም። ሰኔ ላይ ጉራች ከጎረቤት በሬ ጋር ተቀናጅቶ እያረሰ ነው የሚል ወሬ ደረሰን። እናቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ወሬውን ያመጣው ሰው ግን ሌላም ነገር አለን። አያ ይስማው በየሰንበቱ ከቤቱ ወጥቶ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ምን ታያለህ ሲሉት "ፀሐይ እየሞቅሁ ነው" ይላል።

በዓመቱ ጥር ላይ፣ ምርት ከገባ በኋላ፣ ደምበጫ በዘመድ ሠርግ ከአያ ይስማው ጋር ተገናኘን። ጎብጧል። ከቤቱ ስወጣ ቀጥ ብሎ የቆመው ሰውዬ አሁን በትሩን ተደግፏል። ትከሻዬን ስሞ ልጆቼን በየስማቸው እየጠራ ጠየቀኝ። እኔ ግን ዓይኑን ማየት አልቻልሁም። ከዚያ ሰው እንዳይሰማው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"እንግዲህ አትፍሩን" አለኝ ቀስ ብሎ። "እግዜር ይመስገን፣ ዘንድሮ እህል ገብቷል። ብትመጡ ምንም አንጠይቃችሁም።"

ዕድሜ ልኩን ከማንም ምንም ጠይቆ የማያውቅ ሰው፣ እንዳይለምነን ሸሽተን የቀረን መስሎት ኖሯል። እትዬ ውዴ ከኋላው ቆማለች፤ ሰምታለች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታየኛለች። እውነቱን ብናገር ቤቷ ይፈርሳል፤ ዝም ብል የእሱ ልብ እንደ ተሰበረ ይቀራል።

"እሺ አያ፣ እንመጣለን" አልሁት። ሌላ ምን እላለሁ?