የአክስቴ ማርብልና የአባባ ሎሚ

ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ቢመስላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። ስምንተኛን የጨረስሁት እንደ ምንም ነው። ፊደል ካሳሳትሁም እለፉኝ፤ እጄ ከእስክሪብቶ ይልቅ የለመደው ጨርቅ ነው። ጨርቅ ስላችሁ ደግሞ ተራ ጨርቅ እንዳይመስላችሁ። የማርብል ጨርቅ ነው።

ዘንዘልማ፣ አክስቴ ቤት ነው የምኖር። አዲስ ሰፈር ነው። ከአጥሩ ወዲያ አሁንም በበሬ ይታረሳል፤ ከአጥሩ ወዲህ የኪችን ማርብል ይወለወላል። ጎረቤቶቻችን ማርብላቸውን እድፍ ሲነካው እኔን ነው የሚያስጠሩ። ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም፤ ድንጋይ ፊት ግን ማን ይችለኛል? ዘይት ከሆነ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ለውሼ እለጥፍበታለሁ፣ በፌስታል ሸፍኜ እስከ ማግስቱ እተወዋለሁ፤ ቅባቱን መጥጦ ያወጣዋል። እርድ ከሆነ እግዜር ያውቃል። ለየዕለቱ ግን ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብ የምትል ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከዚያ ወዲያው ማድረቅ ነው። በረኪና የለም፤ የብረት ሽቦ የለም። ሎሚማ ስሙም አይነሳ!

«ታዲያ አንቺ ይህን ሁሉ እያወቅሽ የራሳችሁ ማርብል ለምን ክብ በክብ ሆነ?» ይሉኛል። መሬት መሬት እያየሁ «አይለቅም» እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ አይለቅም። ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አክስቴ ያን ነጭ ማርብል ስታልመው ኖራ ነው ያስገባችው። ከተገጠመ በኋላ ሽንኩርት እንኳ የሚከተፈው ደጅ፣ በርጩማ ላይ ሆነ። ባሏ ጋሽ ደሳለኝ፣ «ይህን ድንጋይ ከእኔ በፊት አግኝተሽው ቢሆን መች ታገቢኝ ነበር» ይላታል። «አንተ እንደሱ ተወልውለህ አታበራማ!» ትለዋለች።

ኋላ አባቷ መጡ። የእኔ አያት ናቸው፤ አባባ ነው የምንላቸው። ከሐይቁ ማዶ፣ ዘጌ፣ መሪጌታ ሆነው ሲያገለግሉ ነው የኖሩ። ዓይናቸው ሲደክምና ብቻቸውን ሲቀሩ፣ አክስቴ ለምና ለምና አስመጣቻቸው። ከእንግዲህ ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩ አለች። እሳቸው ግን «እስኪ እናያለን፤ የሰው ቤት ነው» አሉ። የልጅ ቤት እንዴት የሰው ቤት ይሆናል? ብትላቸው መቋሚያቸውን በሩ ጥግ አስደግፈው ተቀመጡ።

ማርብሉን ስታሳያቸው በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አደረጉና ጆሯቸውን ጣሉ። በእሳቸው ቤተ ክርስቲያን ደወሉ ድንጋይ ነው፤ ሲመታ እስከ ሐይቁ ይሰማል። ሰምተው ሲያበቁ «ይህስ ዲዳ ነው» አሉ። ጋሽ ደሳለኝ ሳቁን ለመደበቅ ወጥቶ ሄደ። አክስቴ ቅር አላት።

አባባ ለድምፃቸው ብለው ጠዋት ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ ይጠጣሉ። በመጡ ሰሞን ነው፣ አክስቴ ከሥራ ገብታ «ድንጋዬን! ማነው ድንጋዬን የገደለው?» ብላ ጮኸች። በነጩ ላይ ደብዘዝ ያለ ክብ፣ ልክ የብርጭቆ ቂጥ። ከወዲያ ክፍል «እኔ ነኝ መሰለኝ፣ ልጄ» የሚል ድምፅ መጣ።

የምትገባበት ጠፋት። «ኧረ ምንም አይደል አባባ! አሁን ይለቃል!» አለችና ወደ እኔ ዞራ ምን ብትል ጥሩ ነው? «በሎሚ እሺው!»

ምን ታድርግ? የአሳ ሽታ የምናስለቅቅ በሎሚ አይደል? የድስት ጥላሸትስ? እኔም ያኔ አላውቅም ነበርና አሸሁት። ባሸሁት ቁጥር ባሰበት። ማርብሉን ለገጠመው ሰውዬ ስትደውልለት ሳቁ ከስልኩ ወጥቶ ቤቱን ሞላው። «ሎሚ የበላውን በሎሚ? እድፍ እኮ አይደለም፤ ድንጋዩ ተበልቶ ነው! በማሽን ካልተሞረደ አይመለስም።»

አባባም ሰሙ። ከዚያ ወዲህ ሎሚያቸውን ደጅ ቆመው መጠጣት ጀመሩ። ኪችን ድርሽ አይሉም። ብርጭቋቸውን እንደ ባዕድ ራሳቸው ያለቀልቁታል። ልብሳቸውን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና «ሰኞ ጀልባ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። እዚያ ቤት ጮክ ብዬ የማወራ ከእሳቸው ጋር ብቻ ነበር። ደህና አድርገው ስለማያዩኝ ነው መሰለኝ አላፍራቸውም። አክስቴ «ድንጋይ ነው እኮ አባባ!» ብትላቸው፣ «አይ ልጄ፣ የጮኽሽውን እኮ ሰምቻለሁ» አሏት።

እሑድ ከአባባ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አክስቴ ራሴን አሞኛል ብላ ቀረች። ስንመለስ በሩ ላይ ጠበቀችን። ዓይኗ ቀልቷል። ምን ሆንሽ ሲሏት ሽንኩርት ነው አለች። «ይልቅ ኑ፣ ጉድ እዩ!» ብላ ኪችን አስገባችን። ማርብሉ ክብ በክብ ሆኗል!

«ይዩት አባባ! የእርስዎ ብቻ መስሎኝ ስጮህ፣ ለካ ይህ ደሳለኝ ሲያበላሸው ኖሯል። ዛሬ ፀሐይ ሲመታው ነው የታየኝ።»

ጋሽ ደሳለኝ ሎሚ በአፉ አይዞርም፤ ጥርሴን ያጠርሰኛል ይላል። ክቦቹን አየ። ሚስቱን አየ። ቀይ ዓይኗን አየ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ። «ይቅር ይበሉኝ አባባ፤ በእርስዎ ላላክክ ነበር።»

አባባ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳሰሱት። አንዱን ክብ፣ ደግሞ ሌላውን። «እንዲህ ከሆነማ የሰው መኖሪያ ነው» አሉ። በማግስቱ ሰኞ፣ ጀልባው ያለ እሳቸው ሄደ፤ እሳቸው ኪችን ተቀምጠው ሎሚያቸውን ጠጡ። ይኸው እስከ ዛሬ አሉ። ሽንኩርቱም ከደጅ ገባ።

ለማንም ያልነገርሁት ይህ ነው። ያን ዕለት ጠዋት፣ መንገድ ከጀመርን በኋላ አባባ መቋሚያቸውን መርሳታቸው ትዝ አላቸውና ላመጣ ሮጬ ተመለስሁ። መቋሚያው ከኪችኑ በር ጥግ ተደግፏል። በመስኮቱ አየሁ። አክስቴ ሎሚ ትጨምቃለች። የብርጭቆውን ቂጥ እየነከረች ማርብሏ ላይ ታስቀምጣለች። ባስቀመጠች ቁጥር ፍም እንደነካች ፊቷ ይጨማደዳል። መጨረሻ ላይ እንባዋ መጣ መሰለኝ፣ በዚያው የሎሚ እጇ ዓይኗን አበሰች። ያን ቀን ቤት ውስጥ ሽንኩርት አልነበረም።

ብጠጋ ታየኛለች። መቋሚያውን ሳላነሳ ተመለስሁ።

«የታለ?» አሉኝ አባባ።

«አላገኘሁትም» አልኋቸው።

ቅዳሴውን ሙሉ ትከሻዬን ተደግፈው ቆሙ።