ስም የሌለው ናሙና የማትቀበለው ሴት

በየመሥሪያ ቤቱ አንዲት ነገረኛ ሴት አለች። እናንተ ጋ የለችም? እንግዲያው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ መሥሪያ ቤታችሁ ሴት አይቀጥርም፣ ወይ ነገረኛዋ ባለፈው ወር መልቀቂያ አስገብታለች። ወንድ ሲሆን "ቆፍጣና" ይባላል። "አቋም ያለው ሰው" ይባላል፣ ወንበርም ይጨመርለታል። ሴት ስትሆን ነገረኛ፤ በቃ። ይህን ስጽፍ ራሱ ደሜ ይፈላል፤ ግን ዛሬ ለቁጣ አልተቀመጥኩም። አንዲቱን ነገረኛ ላስተዋውቃችሁ ነው።

ክብርት ዶክተር ሰገን ሃድጉ! የጀርሞች ሁሉ አሳዳጊና ቀባሪ። በአንቱታ ልጠራት ሞክሬ ነበር። "ወንዶቹን አንተ እያልሽ እኔን አታስረጂኝ" ብላ ከልክላኛለች፤ ስለዚህ አንቺ ነው የምላት።

ካዛንቺስ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ጠርዝ ላይ ብቻውን የቀረ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ላቦራቶሪ ነው፣ ሰገን ደግሞ ኃላፊው። ከየሆስፒታሉ ናሙና ይመጣላታል። ሰው ዶሮ እንደሚያረባው እሷ ጀርም ታረባና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው፣ የትኛውን ደግሞ ንቆ እንደሚያልፈው ታያለች። አጭር ናት፣ ሃምሳ ዓመት ሞልቷታል። የጋዋኗ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ጥቁር ማርከርና የሚለጠፍ ወረቀት አለ። ያገኘችው ነገር ላይ ሁሉ ስም ትጽፋለች። ጠርሙሱ ላይ፣ ፍሪጁ ላይ፣ አብራት የምትሠራው ወጣት ባለሙያ የሲፋን ገለታ ምሳ ዕቃ ላይ ሳይቀር።

የላቦራቶሪው ሕግ ነው። ስም ያልተጻፈበት ናሙና አይመረመርም፤ የሚኒስትር ደም ቢሆንም ውድቅ ማድረጊያ ቅጽ ተሞልቶ፣ ምክንያቱ ተጽፎ፣ ወደ መጣበት ይመለሳል። "ስም ከሌለው በሽታው የማን ነው? መድኃኒቱንስ ለማን ልስጠው?" ትላለች። እዚህ ድረስ ማንም ነገረኛ አይላትም። ችግሩ የመጣው ይህን ሕግ ከጠርሙስ አውጥታ ሰው ላይ መሥራት ስትጀምር ነው።

የመጀመሪያ ተጠቂዋ ነበርኩ ብል ማጋነን አይሆንም። እኔ ማቀዝቀዣና የላቦራቶሪ ዕቃ እጠግናለሁ። ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም፤ የተበላሸ ፍሪጅ ነው ያስተማረኝ። ወሎ ሰፈር ካለችው ሱቄ የመፍቻ ቦርሳዬን አንግቤ ስሄድ ደንበኛው በሩን ይከፍትና በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ከኋላዬ ሰው ይፈልጋል። "ባለሙያው አልመጣም እንዴ?" ሃያ ዓመት በዚህች ጥያቄ ተቃጥያለሁ፣ ሃያ ዓመት ስለሷ ጮኼያለሁ። እንግዲህ ይህን ያዙልኝ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ጎረቤቴ አቶ ረጋሳ፣ የላቦራቶሪው ሹፌር፣ ኢንኩቤተሩ ታሟል ብለው ወሰዱኝ። ኢንኩቤተር ጀርሙን የሚያሳድጉበት የሙቀት ሳጥን ነው። ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴትዮ ጎንበስ ብላ የፈሰሰ ነገር ትጠርጋለች።

"ሲስተር፣ እባክሽ ኃላፊውን ጥሪልኝ።"

ቀና አለች። ከእግሬ እስከ ሻሼ አየችኝ።

"ስም የሌለው ናሙና አንቀበልም" አለች። "ማንን ነው የፈለግሽው?"

ወላሂ፣ መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር። እኔ! ባለሙያው አልመጣም የምባለው እኔ! ሁለት ሰዓት ሙሉ አንገቴን ሳላቀና ሳጥኑን ጠገንኩ። ስጨርስ መዝገብ ዘረጋችልኝ። "ስምሽን ጽፈሽ ፈርሚ።" ዲፕሎማ የለኝማ። ስሜን ጽፌ የት ልገባ? "ቴክኒሻን ብለሽ እለፊው" አልኩና ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወርጄ ጠፋሁ።

መጥፋት ግን አልቻልኩም። በሳምንቱ ስልክ ተደወለ። "ሙቀቱ ግማሽ ዲግሪ ሸሽቷል።" በወሩም እንዲሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን ተላመድን፤ እሷ ሳጥኗን ትጠብቃለች፣ እኔ ፍሪጅ ሥር ተኝቼ የላቦራቶሪውን ጉድ እሰማለሁ።

ከጉዶቹ አንዱ አማካሪው ነው። ዶክተር ሄንሪክ ይባላል፣ በዓመት ሁለቴ ከአውሮፓ ይመጣል። መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ሰገንና አቶ ረጋሳ ቦሌ ሄደው ተቀበሉት። አቶ ረጋሳ ቁመታቸው እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ጸጉራቸው ሽበት፣ ኮታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ሄንሪክ ሻንጣውን ለሰገን አስይዞ የአቶ ረጋሳን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። "ዶክተር!"

"'ዶክተሯ ሻንጣህን የያዘችልህ ናት' ብዬ በእንግሊዝኛ ነገርኩት" ይላሉ አቶ ረጋሳ። "እንግሊዝኛዬ ይሆናል ያልገባው። ኦሎምፒያ እስክንደርስ ስለ ጀርም የሚጠይቀው እኔን ነው።"

"ታዲያ ምን አሉት?"

"ይሞታሉ አልኩት።"

በማግስቱ ስብሰባ ላይ ሄንሪክ ዞር ሳይል ባዶ ሊሆን የደረሰ ስኒውን ወደ ሰገን ዘረጋ። ተቀበለችው። ማርከሯን አወጣች። "ስምዎን?" ብላ ጠየቀችና ወረቀት ላይ ጽፋ ስኒው ላይ ለጠፈችው፦ "ሄንሪክ። ቡና። ጥቂት ቀርቷል።" ቀንና ሰዓቱንም አልዘነጋችም። ከዚያ ፊቱ አስቀመጠችለት። ሰውየው እስካሁን ድረስ ቡናውን ራሱ ነው የሚቀዳው።

ክፉ ሰው አይደለም፤ እዚህ ላይ ነው የሚያናድደኝ። ክፉ ቢሆን ይቀለን ነበር። ሥራዋን አገሩ መጥታ እንድታቀርብ እሱ ራሱ ጋብዟት ያውቃል። ቪዛ ተከለከለች፤ "ለመመለሷ በቂ ማረጋገጫ የለም" ተባለ። እሷ በእጇ ያዘጋጀቻቸው ናሙናዎች ግን በበረዶ ታሽገው፣ ማኅተም ተደርጎላቸው በሰላም ገቡ። ጀርሙ ታምኖ አሳዳጊዋ አልታመነችም! ሥራውን ሄንሪክ አቀረበላት። ሰውም አጨበጨበለት።

የኛው ደግሞ ይብሳል። ዳይሬክተሩ አቶ ሚልዮን ከሰገን ስምንት ዓመት ያንሳል። "ሰጊዬ" ነው የሚላት። ውጤት ስታመጣለት የሚያነበው ፊርማዋን ሳይሆን ፊቷን ነው። "ሰጊዬ፣ ሄንሪክ አይቶታል?" ፈረንጅ ያላየው ጀርም ጀርም አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰገንና ሲፋን አንድ ነገር ላይ ደክመዋል። አንድ ጀርም መድኃኒት መልመዱን ለማወቅ ሦስት ቀን ይፈጅ የነበረውን በአንድ ቀን ጨረሱት። ሁለት ቀን ትንሽ እንዳይመስላችሁ፤ አልጋ ላይ ላለ ሰው ሁለት ቀን ዕድሜ ነው። ሪፖርቱ ተጻፈ። ያለ ሰገን ፊርማ ደግሞ ከዚያ ላቦራቶሪ ወረቀት አይወጣምና ወደሷ መጣ።

ሽፋኑ ላይ ሁለት ስም አለ። ሄንሪክና ሚልዮን። መጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ "ለላቦራቶሪው እህቶች ትብብር ምስጋናችን የላቀ ነው" ይላል።

አልጮኸችም። እኔ ብሆን ጣሪያውን አነሳው ነበር። መሳቢያ ከፍታ የናሙና ውድቅ ማድረጊያውን ቅጽ አወጣች። የናሙናው ዓይነት፦ የምርምር ሪፖርት። የመጣበት ክፍል፦ ዳይሬክተር ቢሮ። ውድቅ የተደረገበት ምክንያት፦ ስም የለውም። ፈረመች፣ ማኅተም መታች፣ ላከች።

ሚልዮን እየሮጠ መጣ። "ሰጊዬ፣ ቀልዱ ይብቃ!"

"ቅጹ ላይ ቀልድ የሚል ቦታ የለም።"

"ሳምንት ስብሰባ አለብኝ እኮ! ማለቴ... እሺ፣ ስምሽ ሦስተኛ ይግባ። ተስማማን?"

"ሲፋንስ?"

"ሲፋን ልጅ ናት፤ ትደርስበታለች።"

"እኔንም እንደዚሁ እያላችሁ ነው ሃምሳ ዓመት የሞላኝ።"

ሁለተኛ ቅጽ ወጣ። ምክንያት፦ ያልተሟላ ስም።

ሲፋን አጠገቧ ቆማለች፤ ዓይኗን እንባ ሞልቶታል። "ዶክተር፣ በፈጠረዎት የኔን ይተዉት። ያገኙትን በኔ ምክንያት እንዳያጡ፣ ኋላ ጸጸቱ ለኔ ይሆናል።"

"ጀርም ካደገባቸው ሳህኖች የተለየውን መጀመሪያ ማን አየው?"

"እኔ።"

"እንግዲያው ዝም በይ።"

እኔም፣ አፈር ልብላና፣ ፍሪጁ ሥር ሆኜ "ሰገን፣ ያንቺን ተቀበዪና የሷን በኋላ" አልኳት። ጎንበስ ብላ አየችኝ። "አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ? ከገዛ ስምሽ በደረጃ የሮጥሽ ሴት።" መፍቻዬን አነሳሁ።

ሚልዮን ሕጉን ረግጦ ሪፖርቱን ሳይፈረም ይዞ ሄደ። ሲወጣ ጠረጴዛዋ ላይ ቁልፍ አስቀመጠላት፤ ምድር ቤት ያለው የዕቃ ግምጃ ቤት ቁልፍ ነው። "ስብሰባው እንዳለቀ ሰኞ እዚያ ትጀምሪያለሽ። እዚያ የፈለግሽው ካርቶን ላይ ስም ጻፊ።"

ሦስት ዓመት የደከመችበት ሥራ ያለ ስሟ ሊወጣ፣ እሷም ከላቦራቶሪዋ ልትወጣ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጋዋኗን አውልቃ ስትቀመጥ አየኋት። ያለ ጋዋን እንዴት ትንሽ ሴት ናት!

ስብሰባው እዚያው ካዛንቺስ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር። ማንም አልጠራኝም፤ ሰገን ብቻዋን እንዳትሄድ ብዬ ገባሁ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሰገን፣ ሲፋን፣ እኔና አቶ ረጋሳ ተደረደርን። አንድ አስተናጋጅ አጎንብሶ አቶ ረጋሳን "ዶክተር፣ ውሃ ላምጣልዎ?" አላቸው። "ለዶክተሯ" አሉ፣ በጣታቸው እያሳዩ።

ሚልዮን አቀረበ። ማማርስ አምሮበታል፤ አልዋሽም። ሄንሪክ ጎኑ ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል። ጭብጨባው ሊጀመር ሲል ከክፍለ ሀገር ሆስፒታል የመጡ አንዲት ሴትዮ እጃቸውን አወጡ።

"የመጀመሪያዎቹን መቶ ሃያ ናሙናዎች ከውጤቱ አውጥታችኋል። ለምን?"

ሚልዮን ሄንሪክን አየ። ሄንሪክ ሚልዮንን አየ። ሁለቱም ስክሪኑን አዩ። እኔ መልሱን አውቃለሁ እኮ! እኔ፣ የፍሪጅ ጠጋኟ! ሳጥኑ ነበር ሙቀቱን የሳተው፤ ከመጀመሪያው ጥገናዬ በፊት ያደጉትን ሁሉ ሰገን አላምንም ብላ በገዛ እጇ ነው የጣለችው። የስድስት ሳምንት ድካም።

ሚልዮን በመሐረብ ግንባሩን ጠረገ። "ይሄን... ማለቴ... ከኋላ ያሉት ባልደረባችን ይመልሱታል።"

ሰው ሁሉ ዞረ። ሰገን ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም።

"የማን ስም ነው የተጠራው?" አለች፣ ጮክ ሳትል።

"ዶክተር ሰገን" አለ ሚልዮን።

"አልሞላም።"

አንድ ሰው ሳቀ። ሚልዮን አልሳቀም። ሄንሪክን አየ፤ ሄንሪክ ግን አንገቱን ደፍቶ በብዕሩ ይጫወታል። ሚልዮን ረጅም ትንፋሽ ወሰደ። "ዶክተር ሰገን ሃድጉና ሲፋን ገለታ" አለ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። "ሥራው የነሱ ነው።"

ያን ጊዜ ተነሳች። የሲፋንን እጅ ይዛ አብራ አስነሳቻት። በእናቷ ቋንቋ "ኣጆኺ" አለቻት፣ ለልጅቷ ይሁን ለራሷ እንጃ፣ አይዞሽ ማለት ነው። ከዚያ ማይክራፎኑን ለሲፋን ሰጠቻት፣ ሲፋንም መለሰች። ድምጿ መጀመሪያ ተሰባበረ፤ ሙቀቱ ጋ ስትደርስ ቀና አለ።

ሪፖርቱ በአራት ስም ታተመ፣ ሁለቱ ሴቶች ከፊት። ይቅርታ የጠየቃት የለም። ሰኞ ጠዋት ግን የግምጃ ቤቱ ቁልፍ ሚልዮን ጠረጴዛ ላይ ተገኘ፤ ወረቀት ተለጥፎበታል፦ "ባለቤቱ አልታወቀም።"

ያለፈው ሳምንት ደግሞ የሕንጻው የመፍረስ ተራ ደረሰና ላቦራቶሪው ሊለቅ ሆነ። ዕቃ ለማውረድ ተጠራሁ። ነገረኛዋ በየካርቶኑ ላይ ስም ስትጽፍ፣ እኔን ስትነዘንዝ፣ "ቀስ! ቀስ በይ፣ ሳጥኔን!" ስትል ዋለች። እኔና አቶ ረጋሳ ኢንኩቤተሩን ከግድግዳው ስናላቅቀው ከጀርባው አንድ የደበዘዘ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ጽሕፈቱ የሷ ነው።

"የጠገነችው፦ ፋኢዛ ሸምሱ።"

ቀኑን አየሁት። የዛሬ ሦስት ዓመት። ሲስተር ያልኳት ቀን።

ያን ቀን ስሜን አልነገርኳትም። አቶ ረጋሳን ዞሬ አየኋቸው።

"እኔን ምን ታዪኛለሽ?" አሉ፣ ሳጥኑን በጉልበታቸው ደግፈው። "አንቺ እየሮጥሽ ወጣሽ፣ እሷ እየሮጠች መጣች። 'ያቺ ባለሙያ ማን ትባላለች?' አለችኝ። ፋኢዛ አልኳት። ጻፈችና ሄደች ስል ከደረጃው ተመልሳ ወረደች። 'አልሞላም' አለችኝ። 'የአባቷስ ስም?'"