አቶ ክንዱ የድንጋይ ከሰሉን በምርቃት ድል የነሡበት ዜና

በ፳፻፲፯ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ አቶ ክንዱ በተወለዱ በሰባ አንደኛው፣ የድንጋይ ከሰል በዋንዛ ሜዳ ቀበሌ በነገሠ በሁለተኛው፣ የመብራት ክፍያ ሦስት ጊዜ ጨምሮ መብራቱ ሦስት ጊዜ በቀነሰበት ዓመት፣ በወርኃ የካቲት በ፲ወ፱፣ በዕለተ ረቡዕ፣ በዐቢይ ጾም መግቢያ የሆነው ይህ ነው።

ፈረስ የላቸውምና በበሬያቸው ስም አባ ቦራ የሚባሉት፣ የሰው ድንበር ያልገፉ፣ የሰው ነገር ያልጠመዘዙ፣ በዕድር ስብሰባ እንኳ ከሁለት ቃል በላይ ተናግረው የማያውቁት አቶ ክንዱ በዚያ ማለዳ ከቤታቸው ወጡ። ፈርተዋል። ይህ ጸሐፊ የጀግናውን ፍርሃት አይደብቅም፤ ያልፈራ ሰው ምን ጀብዱ አለው?

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ዋንዛ ሜዳ መብራት የምታገኘው በድንጋይ ከሰል እሳት ከሚዞር አንድ ሞተር ነው። ከሰሉን የሚገዛው፣ ይህ ጸሐፊ ለገዛ ጤናው ሲል ስሙን ያልጻፈው አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ሲሆን፣ እሳቱን የሚያነደው ደግሞ የአቶ ክንዱ አማች፣ የልጃቸው የሰብለ ባል መልካሙ ነው። ዘንድሮ የመጣው ከሰል ግን ጥቁር መሆኑ እንጂ መንደዱ አልታይ አለ። መልካሙ በጭራሮ ቢለማመጠው፣ በጉንጩ ቢነፋው፣ በስለት ቢማጠነው እምቢ አለ። በዚህ ጊዜ ጽሕፈት ቤቱ እንዲህ ሲል አዋጅ ለጠፈ፦

«የገዛነው ከሰል አንደኛ ደረጃ ነው። የመብራት ወጪ የናረው በአነዳደድ ረገድ በታየ የአመለካከት ችግር ነው። ስለዚህ አንዳጁ መልካሙ በወሩ መጨረሻ ከሥራ ይሰናበታል፤ የባከነውንም ከሰል ዋጋ ይከፍላል። ቅሬታ ያለው በሕዝባዊ መድረኩ ላይ እጁን አውጥቶ ይጠይቅ።»

መልካሙ ሸጦ የሚከፍለው አንድ ጥጃ እንኳ የለውም። ሰብለም ስምንት ወሯ ነበር። እንግዲህ አቶ ክንዱ ከዚያ ከሰል አንድ አንኳር በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ዘመቱ። ሠራዊታቸውም ይህ ነበር፤ በቀኝ ጃንጥላቸውን የዘረጉት ቄስ ወልደ ሥላሴ፣ በግራ ወገቧን የያዘችው ሰብለ፣ ከኋላ «አለንልዎ አባ ቦራ» ያሉ አራት ጎረቤቶች፣ ከሁሉም ኋላ ማንም ያልጠራው የመንደር ውሻ።

በሦስት ሰዓት መድረኩ ወደሚካሄድበት አዳራሽ ገብተው ቀኝ እጃቸውን አወጡ። መድረኩን የሚመሩት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ገነነም ሰዉን ሦስት ሦስት እያደረጉ ዕድል ሰጡ፤ ስለ መድረኩ ማማር ለሚያመሰግኑ ሦስት፣ ስለ ጽዳት ለሚናገሩ ሦስት፣ ከዚያም በፊት ያመሰገኑት ምስጋናቸው ስላልበቃ እንደገና ለእነርሱው። የአቶ ክንዱ እጅ እንደ ወጣ ነው። በአራት ሰዓት ነዘረ፤ በአምስት ሰዓት ደነዘዘ፤ በስድስት ሰዓት ግራ እጃቸው ቀኙን ከሥር ደግፎ ያዘ። በዚሁ ሰዓት ቄስ ወልደ ሥላሴ ቅዳሴ ደርሶባቸው ሄዱ፤ አራቱ ጎረቤቶችም፣ ሦስቱ ከብት ሊያጠጡ፣ አንዱ ደግሞ ምንም ጉዳይ ሳይኖረው፣ ተራ በተራ ሾለኩ። ውሻው አልሄደም። ኦ ጽንዐት! በሰባት ሰዓት የአቶ ገነነ ሆድ በባትሪ በሚሠራው ማይክሮፎን ተሰማ፤ እስከ ዘጠኝ መጾም የለመደው ሕዝብ ግን ንቅንቅ አላለም።

ያን ጊዜ አቶ ገነነ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ሰዓት ስላጠረን ቀሪ ጥያቄዎችን በጽሑፍ እንቀበላለን። በአባቶች ምርቃት እንዘጋለን።»

ቄሱን ቢፈልጉ ቄሱ የሉም። ከቀሩት ሁሉ ሽበታሙ ያ እጁን ያወጣው ሰውዬ ነው። ምርቃት ማንን ጎድቶ ያውቃል ብለው ጋበዟቸው።

አቶ ክንዱ ወደ ፊት ወጡ። አራት ሰዓት ሙሉ በልባቸው ሲያመላልሱት የዋሉት ጥያቄ ድራሹ ጠፋ። ዞር ብለው ሰብለን አዩ፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ኃላፊም ይሁን ፖሊስ፣ ምርቃትን ከመካከል የሚያቋርጥ ሰው በዚህ አገር ገና አልተወለደም። እጃቸውን አውርደው መዳፋቸውን ዘረጉና እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«በሉማ ተነሡ ልጆቼ። ዘመኑን የሰላም ያርግልን።»

ሕዝቡ፦ አሜን።

«ዝናሙን በወቅቱ ያርግልን።»

አሜን።

«አቶ ገነነን ዕድሜ ከጤና ይስጥልን።»

አሜን፤ አቶ ገነነም ከሁሉ አስበልጠው አሜን።

«የገዛነውን የሚነድ ያርግልን። ድንጋይ ከሚሸጥልን ነጋዴ፣ አይቶ እንዳላየ ከሚረከብ ሹም ይሰውረን።»

አዳራሹ ተናወጠ፤ አሜን!

«በስንት ዋጋ፣ ከማን እንደ ተገዛ ለመንገር አፍ ይስጥልን። ይቺን በጋቢዬ የቋጠርኳትን አንኳር ዛሬውኑ በፊታችን አንድደው እንዲያሳዩን ለአቶ ገነነ ልብ ይስጥልን። እምቢ ከማለት ይጠብቅልን።»

አቶ ገነነ መዳፋቸውን እንደ ዘረጉ ነበሩ። የራሳቸው ካሜራ ሠራተኛ ይቀርጻቸዋል። አሜን አሉ፤ ምን ያድርጉ።

ከዚህም በኋላ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ግቢው ወጣ፤ መልካሙም ተጠርቶ መጣና ጭራሮ ረብርቦ አንኳሩን ከላይ አኖረና ክብሪት ጫረ። ጭራሮው ነድዶ አመድ ሆነ፤ ድንጋዩ ሞቀው። ዳግመኛ ረበረቡለት፤ ዳግመኛ ሞቀው። አንዱ የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ነፋሱን ከሰሰ፤ ሌላው ክብሪቱን። በመጨረሻ አቶ ገነነ ራሳቸው ተንበርክከው እፍ ቢሉበት አመዱ ቅንድባቸውን አነጣው፤ ድንጋዩ ግን ንቅንቅ አላለም። አንዲት ሴት ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁን ያቆመው የለም። ሰብለ ብቻ አለቀሰች።

የመልካሙ ስንብት እዚያው ተሻረ፤ ዕዳውም ቀረለት። ከሰሉን ማን እንደ ሸጠና ማን እንደ ተረከበ ግን «በመጣራት ላይ ነው» ተባለ፤ ይህ ዜና እስከ ተጻፈበት ቀን ድረስ እየተጣራ ነው። በሳምንቱ አዲስ አዋጅ ተለጠፈ፦ «ከእንግዲህ በመድረክ ላይ የሚመርቅ ሁሉ ምርቃቱን ከሦስት ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ ያስገባ።»

እነሆ ሌሎች ጀግኖች በጎራዴ አገር አቀኑ፤ አባ ቦራ፣ የእጅ ማውጣት አርበኛ፣ የአሜን አዝማች፣ የሹም አስተንፋሽ፣ አንድ ጠብታ ደም ሳያፈስሱ የልጃቸውን ጎጆ ከመፍረስ አዳኑ። ከዚህ የሚበልጥ ድል ይህ ጸሐፊ አያውቅም። በመድረኩ ማግሥት ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ስላለ ዕርፉን መልካሙ ያዘላቸው፤ የሚነድ ከሰል እስኪገዛ ድረስ ሥራ የለውምና፣ እስከ ሰኔ ድረስ የአማቱን ማሳ ሁሉ እርሱ አረሰ።