በርሜል የሌለው የድርቅ ባለሙያ

እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ዕቅድ ማውጣት አያስቸግረንም። የአምናው አለ። የአምናውን እንከፍትና ዓመተ ምህረቱን እንቀይራለን፤ «ይከናወናል» የሚለውን «ተጠናክሮ ይቀጥላል» እንለዋለን፤ ከዚያ በኋላ የሚያሳስበን የማተሚያው ቀለም ብቻ ነው። አትሳቁ። መሥሪያ ቤት የምትውሉ ከሆነ የምለውን ታውቁታላችሁ፤ ካልሆናችሁም ፈጣሪያችሁን አመስግኑ። እኔ በየዓመቱ የማዘጋጀው የድርቅ ዝግጁነት ዕቅድ ነው። ቢሮዬ ቦሌ፣ ቤቴ ለሚ ኩራ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። መካከል ላይ መገናኛ አለ፤ እዚያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስለ አገር ብዙ አስባለሁ፤ ታክሲው ሲመጣ እረሳዋለሁ።

በሰፈራችን ውኃ በሳምንት አንድ ቀን ትመጣለች፤ እሱም ቀኗን ስታከብር ነው። አምና ሰኔ ላይ ጭራሽ ቀረች። እኔ ያለችኝ አንዲት ጀሪካን ነበረች፤ እሷም ባዶ። አፍሬም ቢሆን ምድር ቤት ወረድኩና የእትዬ ዘይነባን በር አንኳኳሁ። እትዬ ዘይነባ ሾላ ገበያ ቅመም የሚሸጡ የወሎ ሴት ናቸው። በራቸው ላይ ሦስት ሰማያዊ በርሜሎች ተደርድረዋል፤ ጎድለው አይቻቸው አላውቅም።

«ሥራህ ምን ነበር ያልከኝ?» አሉኝ እየቀዱልኝ።

ነገርኳቸው። መቅጃቸው አየር ላይ ቀረ። ጀሪካኔን አዩ፣ ቀጥሎ እኔን አዩ።

ቀድተው ሲጨርሱ የሆዳቸውን አወጡ። አገር ቤት ወንድማቸው ሰይድ ገበሬ ነው። በልጉ ሳይዘንብ አልፎ፣ ክረምቱም ዘግይቶ፣ መኖ አልቆበታል። ልጆቹን የሚያሳድግባት አንዲት የምትታለብ ላም አለችው፤ እሷን ሊሸጥ ነው። ላሚቱ ከሄደች የልጆቹ ወተት ሄደ ማለት ነው፤ ኋላ ዝናብ ቢጥልም አትመለስም።

«እናንተ መቼ ነው የምትደርሱት?» አሉኝ።

«ወረዳው ሲጠይቅ አጥኚ ቡድን ይላካል፤ ቡድኑ ሪፖርት ሲያቀርብ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ኮሚቴው ደግሞ...»

«አንተዬ፣ እስከዚያማ ላሟ ተበልታ አለቀች!» አሉ። «ሰው የሚያልባትን ላም ገበያ ካወጣ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ? ሐሙስ ገበያ ወጥቶ የሚያይ አንድ ሰው የላችሁም?»

አልነበረንም። ሰባት ዓመት በጻፍኩት ዕቅድ ውስጥ ገበያ የሚወጣ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ከዓመተ ምህረቱ አልፌ የዕቅዱን ሆድ ነካሁት። በየሳምንቱ የወረዳው ባለሙያ የከብት ገበያ ይውጣ፤ የሚታለቡ ላሞች መሸጥ ከጀመሩ አጥኚ ቡድን ሳይጠበቅ በመጋዘን ያለው ድርቆሽ ይጫን፤ ኮሚቴው መኪናው መንገድ ላይ እያለ ይቋቋም ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ሁለት ጊዜ አነበበው። «በመንግሥት ዕቅድ ውስጥ ላም?» አለኝ። ግማሽ ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ «ላም» የሚለው «ምርታማ የእንስሳት ሀብት» ተብሎ ተስተካከለና ፈረመ። ልመስክርለት፤ ከፈረመ በኋላ ስልኩን አንስቶ የመጋዘኑን ኃላፊ እስኪመሽ የጨቀጨቀው እሱ ራሱ ነው። አለቆቻችንን ስናማ እንዲህ ያለውን ነገር እንዘለዋለን።

የመጀመሪያው ወሬ የመጣው ከእነሰይድ ገበያ ነበር፤ ላሞቹ መውጣት ጀምረዋል። ድርቆሹም በዚያው ቀን ተጫነ። እትዬ ዘይነባ ወንድማቸውን አንድ ገበያ ብቻ እንዲታገሥ በስልክ ለመኑት። እኔን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ደረጃው ሥር ጠብቀው «መኪናው የት ደረሰ?» ይሉኛል። ያን ሳምንት የበላሁት አይታወሰኝም። ረቡዕ ማምሻውን ሰይድ ለእህቱ ደወለ፤ ድርቆሹ ገብቷል። «አልሐምዱሊላህ!» የሚለው ድምፃቸው አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሰማኝ። ቅዳሜ ሄጄ እንደሳቸው ያለ ሰማያዊ በርሜል ገዛሁ።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ከቢሮ ስገባ ዶፍ ይወርዳል። እትዬ ዘይነባ ሦስቱንም በርሜሎች አሸንዳው ሥር አሰልፈው ቆመዋል። ሰይድ ቅቤ ልኮ ኖሯል፤ ካልተሸጠችው ላም። ግማሹን ጠቅልለው እጄ ላይ አኖሩት። አልዋሽም፣ እንባዬ መጣ። ስምንት ዓመት ሪፖርት ስጽፍ እንዲህ ያለ መልስ ደርሶኝ አያውቅም። ሰይድንም፣ አለቃዬንም፣ ከሁሉም በላይ ያቺን ባዶ ጀሪካኔን አመሰገንኩ።

«የከርሞው ዕቅድስ ተጀመረ?» አሉኝ።

«ገና ነው እትዬ፤ ዘንድሮ እኮ ዝናቡ መልካም ነው።»

አምና ጀሪካኔን ባዩበት ዓይን አዩኝ።

«ታዲያ በርሜል የሚሞላው መቼ ነው?»

ቅቤዬን ታቅፌ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁት። አምና የገዛሁት በርሜል ከነላስቲኩ ባዶውን በሩ ጥግ ቆሟል።